ስድስተኛው ካርድ፦ ከደብረ ብርሃን ሐረር ደርሶ መልስ

ቅዳሜ

ሐረር የሄድኩት ለማስተማር ነው፤ ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ስለ ጅብ ማብላትና ስለ ግንቡ ርዝመት ከእኔ ብዙ እንዳይጠብቅ። ጅቦቹን አላየኋቸውም። ግንቡንም ያየሁት ለሥራ ስጣደፍ በጎኑ ሳልፍ ነው። የማወራው ስላረፍኩበት ቤት፣ ስላስተማርኩበት አዳራሽና እዚያ ስለሠራሁት ጥፋት ነው።

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ሥራዬን ለሰው ሳስረዳ ትንሽ ይረዝምብኛል። ስለ ጤና ጥናት ሲካሄድ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው የሚጠይቁ መረጃ ሰብሳቢዎች አሉ። እነሱ ከመሰማራታቸው በፊት ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ አልመልስም ሲል እንዴት እንደሚተው፣ የነገራቸውንም ምሥጢር እንዴት እንደሚጠብቁለት አሰለጥናለሁ። የማሰለጥነው በትወና ነው። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ተጠያቂ ሆኖ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ተጠያቂው በእጁ ካርድ ይይዛል፤ ካርዱ ላይ ማን እንደሆነ ተጽፏል። ዕድሜህ ይህን ያህል፣ ሥራህ ይህ፣ ለሰው የማትናገረው ደግሞ ይህ።

ካርዶቹ ስድስት ነበሩ። ስድስቱም ሰዎች በዚህ ዓለም የሉም፤ እኔና ባልደረቦቼ የፈጠርናቸው፣ የኮሌጃችን የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴም አንድ በአንድ አይቶ ያጸደቃቸው ናቸው።

ሐረር የማርፈው የአንድ ባልደረባዬ እናት ቤት ስለነበር ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም። ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝቼ በላስቲክ ጠቀለልኩና ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር፣ ከካርዶቹ ላይ አስቀመጥኩት። እኛ አገር ቅቤ ድንጋይ ነው። በቢላ ካልቆረጡት አይነቃነቅም። ቅቤ ሌላ ጠባይም እንዳለው በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ተነስቼ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ አልጋ ቤት አደርኩ።

እሑድ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተንቀሳቀሰ። አዳማ እስክንደርስ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ነበርኩ። መተሐራ ላይ ጋቢውን አወለቅኩ፣ አዋሽ ላይ ሹራቡን። የደብረ ብርሃን ሰው ሙቀት ሲያገኘው መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ቆይቶ ግን ይፈራል። እኔም ውሃ ላይ ውሃ እየጠጣሁ መስኮቱን ስከፍት፣ ከኋላዬ ያለው ሰው አቧራ ገባ እያለ ሲዘጋ ሚኤሶን አለፍን።

ከሚኤሶ ትንሽ ወዲያ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ የሚያስጠግንበት ፍለጋ በመጣ መኪና ሄደ፤ እኛ አንዲት ግራር ሥር ተደራርበን ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅነው። እኛ ዘንድ መኪና ሲበላሽ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይወጣል፣ እዚህ ጥላ ይሻማል። ሻንጣዬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ነበር። እሱን ማንም ጥላ አልፈለገለትም።

ከአሰበ ተፈሪ በኋላ አገሩ ሌላ ሆነ። መንገዱ በተራራው ጫፍ ለጫፍ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ ማሽላና ጫት በእርከን ላይ ተደርድሯል። የእኛ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ገብስ ነው፤ እዚህ ገበሬው መሬቱን እንደ ደረጃ እየወጣ የሚያርሰው ይመስላል። ቁልቢን፣ ሐረማያን፣ ከዚያ የጫት ገበያው መንገዱን የሞላበትን አወዳይን አልፈን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐረር ገባን።

የባልደረባዬ እናት እማማ የሺ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ፊት ለፊቱ ሐኪም የሚባለው ጋራ የሚታይ የቆየ ቤት አላቸው። አያታቸው ከመንዝ ወታደር ሆነው የመጡ ናቸው። እሳቸው ግን ከአዋሽ ወዲያ ተሻግረው አያውቁም። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፦

«መንዝ ብርዱ እንዴት ነው? ሰው ጎህ ሲቀድ ከቤት ይወጣል እንዴ?» አሉኝ።

«ይወጣል እማማ፤ ምን ምርጫ አለው።»

«እኔ አልችለውም። አያቴ በናፍቆት እያለቀሱ ሲያወሩት እሰማ ነበር። ምኑ እንደሚናፍቅ አይገባኝም።»

ከዚያ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ቅቤው የለም። ላስቲኩ አለ፤ ቅቤው ሁለት ቀሚሴን፣ አንድ ነጠላዬንና ስድስቱን ካርዶች አርሶ የሻንጣውን ጥግ ጥግ ይዟል።

«ውይ ልጄ! በወረቀት አነጠርሽው እንዴ?» ብለው እማማ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሳቃቸውን ሊይዙልኝ ነበር፤ አልሆነላቸውም። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ሐረር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የእሳቸው ሰፈር ተራ ደግሞ ገና ነበር። ለሳምንት ካጠራቀሙት በርሚል እየቀዱ አፍልተው ልብሴን በሳሙና አሹልኝ። «ተዉት» ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ለፊቴ መታጠቢያ ውሃ ስጠይቅ እንኳ በጣሳ የምለካው እኔ ነበርኩ እንጂ እሳቸው አልነበሩም። ካርዶቹን ደግሞ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሏቸው። አምስቱ ሲደርቁ ተነበቡ። ከሥር የነበረው ስድስተኛው ግን ቀለሙ ሁሉ ፈስሶ ቢጫ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሰኞ

አዳራሹ ከቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ይሆናል። ሰልጣኞቹ አሥራ አራት ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ፤ ታሪኩ የእነሱ ነው።

አንደኛው ሻምበል ታደሰ ናቸው። ከጎጃም ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ የቀሩ፣ ወንበር ላይ እንኳ ሲቀመጡ በተጠንቀቅ የሚመስሉ ሰው። ሁለተኛዋ ነጃት ናት። ተወልዳ ያደገችው ከግንቡ ውስጥ ነው፤ ድሬ ጠያራ በሚባለው የገጠር ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሠላሳ አልሞላትም። ገና ስንተዋወቅ «ትርሲት፣ አንቺ ነሽ የምታስተምሪን? እኔኮ ወንድ ነው የሚመጣው ብዬ ነበር» አለችኝ። እኛ ዘንድ ተማሪ አስተማሪውን «አንቺ» ቢላት ክፍሉ ይደነግጣል። ሐረር ግን አንቺታ መቀራረብ ነው፤ እስከ እራት ሰዓት ለመድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ንግግር ብቻ ስለነበር ካርድ አላስፈለገም። ፈቃድ ምንድነው፣ ስም ለምን አይጻፍም፣ መዝገብ የት ይቆለፋል እያልን ዋልን። ሻምበል እያንዳንዷን ቃል ጻፉ።

ወደ ቤት ስመለስ የጠፋው ስድስተኛ ካርድ አሳሰበኝ። ኮሌጅ ደውዬ «ያንን ካርድ በስልክ ላኩልኝ» ማለት እችል ነበር፤ የከለከለኝ የለም። ግን ባልደረቦቼ እንዳይስቁብኝ አፈርኩ፤ ደግሞ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው አንድ ካርድ አይጽፍም ወይ አልኩ። እማማ የሺ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዲስ ጻፍኩ።

ስጽፍ የመጣችልኝ አንዲት ሴት ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕክምና የሚዘገዩት ለምን እንደሆነ የሚመረምር ጥናት ውስጥ ነበርኩ። ሌሎች ሐረር ሄደው የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ነበር ያነበብኩት። ስሟን አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ቁጥር ነበረች። ግን ያለችው ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ ኖሯል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የሃምሳ ዓመት ሴት ነሽ። ኮፊያ እየሰፋሽ ትኖሪያለሽ። ባልሽ ሹፌር ነበር፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሞተ። መንታ ሴቶች ልጆች አሉሽ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞሽ ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ስትወስጂ ለማንም አልተናገርሽም። እህትሽ ታማ ስትሞት፣ እንዳታስተላልፊባት ፈርተሽ ሳትሄጂ ቀረሽ፤ ለሰው ግን «እግሬን አሞኛል» አልሽ።

ከተማዋን አልጻፍኩም። ስም የለ፣ ሰፈር የለ። እንደ ጥሩ ካርድ ቆጠርኩት።

ማክሰኞ

ቁርስ እማማ የሺ ፈጢራ አስመጥተውልኝ ነበር፤ ማርና እንቁላል ያለበት ስስ ቂጣ፣ ምሳ ላይ እንኳ የማያስርብ። ደስ ብሎኝ ነው አዳራሽ የገባሁት።

እስከ ዕረፍት ድረስ አምስቱን ካርዶች ተጫወትን። ክፍሉ ሞቅ አለ። ስድስተኛው ላይ ጠያቂው ሻምበል፣ ተጠያቂዋ ነጃት ሆኑ። ካርዱን ሰጠኋትና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ስም!» አሉ ሻምበል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሻምበል፣ እስረኛ አይደሉምኮ። ስም አንጠይቅም ተባብለን የለም?» አልኳቸው።

«ይቅርታ። እሺ እመቤት፣ በምን ይተዳደራሉ?»

ነጃት ካርዱን እያየች «ኮፊያ እሰፋለሁ» አለች።

«ልጆች አሉዎት?»

«መንታ...» ብላ ቆመች። ዓይኖቿ ወደ ታች ወረዱ፤ የቀረውን በልቧ እያነበበች እንደሆነ ያስታውቃል። ሻምበል ጨዋታው መስሏቸው በትዕግሥት ጠበቋት። እኔም በጣም ጥሩ ትጫወታለች ብዬ ነበር። ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይሞቃል።

ቀና ስትል ሻምበልን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ይህን።» ካርዱን ከፍ አደረገችው።

የፈጠራ ሰው ናት ልላት አፌን ከፈትኩ። አምስቱን ሰዎች በተመለከተ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ይህን ግን ማለት አልቻልኩም። ነጃት መልስ አልጠበቀችም። ካርዱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሰልጣኞቹን ዕረፍት ውጡ አልኳቸውና ተከተልኳት። ከግቢው አጥር ጥግ ቆማ አገኘኋት።

«አክስቴ ናት» አለች። «የሞተችው እህቷ እናቴ ናት።»

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«እናቴ አርባ ቀን ተኝታ በየቀኑ ‹መጣች?› ትለኝ ነበር። አልመጣችም። እግሬን አሞኛል አለች። ይህን ባለች በሦስተኛው ቀን ገበያ ስትሄድ ያየኋት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በኢድ እንኳ በሯን አልፌ ነው የምሄደው። ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞራለሁ። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ታማ ይሆናል አላልኩም።» ወደ እኔ ዞራ፦ «አሁን ምን ላድርግ? አውቄያለሁኮ። ያላወቅሁ መስዬ እንዴት ልኑር?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «ሄጄ ራሴ ልንገራቸው።»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። እኔ አልነግራትም። ነገ እወስድሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ሻምበል ብቻ አንድ ጊዜ ጠጋ ብለው «የኔ አጠያየቅ ነው ልጅቷን ያስከፋት?» አሉኝ። «አይደለም ሻምበል» ስላቸው አላመኑኝም፤ ፊታቸው እንደተጨነቀ ዋለ።

ማታ እማማ የሺ እራት አቅርበው እጄ አልዘረጋ ሲል አዩ። «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ነገሩ አፌ ላይ ነበር። እሳቸው ደግ ናቸው፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። «እዚህ ከተማ አንዲት ሴት...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አንስተው አቆሙኝ። «የሰው ነገር ከሆነ አትንገሪኝ ልጄ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ነገ ለጎረቤት አወራዋለሁ። የራስሽን ብቻ ንገሪኝ።»

«አጥፍቻለሁ።»

«ታዲያ ብዪና ተኚ። ያጠፋ ሰውም እራት ይበላል።» አጠገቤ ሆነው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ረቡዕ

ስልጠናው እንዳለቀ ከነጃት ጋር በባጃጅ ከግንቡ በሮች አንዱ እስከሆነው ፈላና በር ድረስ ሄደን ወረድን። ከበሩ ገባ ብሎ የሚሸጠው ብዙ ነው፤ ሎሚ፣ የሕፃን ጫማ፣ ከሰል በትንንሽ ቁልል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። ደብረ ብርሃን ጎረቤቴ ሲስል አልሰማም፤ በመካከላችን አጥርና ጓሮ አለ። እዚህ ግን ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቋል። ከአንዱ ቤት የሬዲዮ ዜና፣ ከሌላው የድስት ክዳን ድምፅ ይሰማል። ሰው እዚህ ስድስት ወር ሙሉ ሳሉን ደብቆ እንዴት እንደኖረ እየሄድኩ አሰብኩ።

ነጃት አንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆመች። «እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ።

አክስቷ ወይዘሮ ሀሊማ ምንጣፍ በለበሰው ከፍ ያለ መደብ ላይ መነጽር አድርገው ይሰፉ ነበር። እንግዳ መሆኔን ሲያዩ «ግቢ፣ ግቢ፣ ቢስሚላህ» አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ትራስ አስተካከሉልኝ። ነገሬን ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳቸው። ጥናቱን፣ እኔ እንዳነበብኩት፣ ካርዱን፣ ማን እንዳነበበው።

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው አስቀመጡ።

«ነጃት ራሷ አነበበችው?»

«አዎ።»

«በሰው ፊት?»

«ኮፊያና መንታ የሚለውን ጮክ ብላ አንብባለች። በሽታውን ማንም አልሰማም።»

«አቦ፣ ለዚህ ከተማ እሱም አይበቃም ብለሽ ነው?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ወረቀቱ ይቆለፋል አለችኝ። ቁልፍ እንኳ አሳይታኛለች። ሐኪም ቤት ላለው ሰው ያልተናገርኩትን ለእሷ ተናገርኩ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሩቅ አገር ስለሚሄድ ነው። ደብረ ብርሃን የት እንደሆነ አላውቅም። ሩቅ ይሁን ብቻ ብዬ ነው።»

«ካርዶቹ መንገድ ላይ ቅቤ ፈስሶባቸው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቅቤውን ተዪው።»

ተውኩት። «ሰበብ የለኝም። ቸኩዬና አፍሬ ነው ያደረግሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይቅርታውን አላህ ያውቃል። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ለነጃት መንገር የእኔ ነበር። በየረመዳኑ ዘንድሮ እጠራታለሁ እላለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ አውቄዋለሁ፤ ስሰፋ ለብቻዬ እለዋለሁ። አንቺ ቀደምሽኝ።»

ይቅርታ መድገም ለራሴ እፎይታ ፍለጋ መስሎ ስለታየኝ አልደገምኩም። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፦

«የት ናት አሁን?» አሉኝ።

«በር ላይ ናት።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ተነሱ፣ መልሰው ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ግቢ በያት» አሉ። «አንቺ ደግሞ ውጪ ቆዪ።»

ነጃት በአጠገቤ አልፋ ገባች። በሩ ተዘጋ። እኔ ጠባቡ መንገድ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከፊት ለፊት ቤት አንዲት ሴት ብቅ ብላ አየችኝ፤ ምንም ሳትጠይቅ በርጩማ አውጥታ ሰጠችኝና ተመልሳ ገባች። ቆይታ ደግሞ በብርጭቆ ሆጃ አመጣችልኝ፤ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። ረቡዕ ጾሜ ነው ብዬ ለመመለስ አፈርኩ፤ ብርጭቆውን ይዤው ቀዘቀዘ። ከውስጥ ምንም አልሰማሁም። ልስማም አልሞከርኩም፤ በርጩማውን ከበሩ ራቅ አደረግሁት።

ሲጠሩኝ ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወርዳ ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ነጃት ጉልበቷን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም። ወይዘሮ ሀሊማ ካርዱ እጃቸው ላይ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩትና ራሳቸው ቀደዱት፣ ከዚያ ቁርጥራጩን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ደብረ ብርሃን ያለውስ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ቃል ከመዝገቡ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ቃል እገባለሁ።»

«ቃል አትግቢልኝ። ሲወጣ ደውዪልኝ።»

ልወጣ ስነሳ አስቀመጡኝና ሩዝ በድንች አስመጡ፤ የረቡዕን ጾም የነገረቻቸው ነጃት ነበረች። «የናንተ ጾም ሥጋ አይነካም አይደል? ዘይት ብቻ ነው፣ ብዪ» አሉኝ። የበደልኳቸው ሴት ቤት ጾሜ ተጠብቆልኝ በላሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ኮሌጅ ደውዬ ለሥራ ኃላፊዬ የሆነውን ተናገርኩ። «ካርድ ተበላሽቶ በሌላ ተተካ ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል?» አለኝ። ክፋት አይደለም፤ ሊያግዘኝ ነው። እኔ ግን እማማ የሺ በረንዳ ላይ ሁለት ገጽ ለኮሚቴው ጻፍኩ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁት። የሴትዮዋን ነገር ሳይሆን የራሴን ብቻ።

ሰልጣኞቹ ፊትም ቆምኩ። «ማክሰኞ የሰጠኋችሁ ስድስተኛ ካርድ የፈጠራ አልነበረም። የሰው ነበር። ስም ስላልጻፍኩበት ማንም አያውቃትም ብዬ ነበር። የሰማችሁትን ሁለት ቃል እዚሁ ተዉልኝ፤ ማን ናት ብላችሁም አትፈልጉ» አልኳቸው። ነጃት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። የምናገረውን አስቀድሜ አሳይቻት እሺ ብላኛለች።

ከዚያ ሻምበል እጃቸውን አወጡ። «እንግዲያው እኔ አልነበርኩም» አሉ፤ ሁለት ቀን የተሸከሙትን ያወረዱ ያህል ተነፈሱ። ክፍሉ በጥቂቱ ሳቀ።

የመጨረሻውን ጨዋታ ያለ ካርድ አደረግነው። ነጃት ራሷ «እኔ ልቀመጥ» አለች። ጠያቂው እንደገና ሻምበል ነበሩ።

«ደህና ዋሉ እመቤት። ለጥናት ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ፤ ፈቃድዎ ከሆነ።»

«አይደለም» አለች ነጃት።

ሻምበል ወደ እኔ አዩ። ደብተራቸው ላይ ያዘጋጁት ጥያቄ በቁጥር ተደርድሯል። ደብተሩን ዘጉት፤ ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ደህና ይዋሉ» ብለው ከመድረኩ ወረዱ። አራት ቀን ካስተማርኩት ሁሉ ይልቅ በዚያ ደቂቃ ደስ አለኝ።

ዓርብ

ማልጄ ተነሳሁ። እማማ የሺ ለመንገድ ዳቦና አንድ እሽግ የሐረር ሐልዋ አዘጋጅተውልኛል። «ይኼ ቢቀልጥም ጣፋጭ ነው» ብለው ሻንጣዬ ውስጥ በራሳቸው እጅ አስቀመጡት። በርሚላቸው ባዶ ነበር፤ የውሃው ተራ የሚደርሳቸው ከሰዓት ነው። ሲቀዱ ላግዛቸው አልቻልኩምና እሱ ቆጨኝ።

ሐረማያን ስናልፍ ከነጃት መልእክት ደረሰኝ። «ከጁምዓ በኋላ አክስቴ ቤት ነኝ። መንታዎቹ ገና አያውቁም። እሱን መንገር የሷ ነው» ይላል።

ከተመለስኩ በኋላ

ኮሚቴው ጠራኝ። ጉዳዩ ታይቶ እስኪያልቅ ስልጠና እንዳልሰጥ ተወሰነ፤ ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩ። መዝገቡን ማውጣቱ ካሰብኩት በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ጥናቱ ያለቀ ነው፣ ማን ይፈርም፣ የት ይገኛል እየተባለ። በወጣ ቀን ለወይዘሮ ሀሊማ ደወልኩላቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ስለ ብርዱ ጠየቁኝ።

ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ሳስብ እንደገና ደወልኩ።

«ማነው የሚያነበው?» አሉኝ።

«እኔም የማላውቃቸው ሰዎች።»

«እኔን የሚያውቁኝስ?»

«እንዳያውቁዎት አድርጌ።»

«እስቲ አንብቢው።»

በስልክ አነበብኩላቸው። በየመካከሉ ያስቆሙኛል። ሀሊማ የሚለውን ስም የመረጡት እሳቸው ናቸው። ኮፊያ አይሰፉም፤ ልጆቻቸው መንታ አይደሉም፤ በሽታውም፣ የገባሁበት በርም፣ የበሩ ቀለምም ሌላ ነው። አንዱን ሲቀይሩ እየሳቁ «ከቀየርሽ አይቀር መነጽሩን አውልቂልኝ» ብለው ነበር፤ ቆይተው ግን «ተዪው፣ ይሁን» አሉኝ። ነጃትም ለራሷ ስም አወጣች፤ ሻምበልና እማማ የሺም እንዲሁ።

ረቡዕ ማታ ከቤታቸው ስወጣ ወይዘሮ ሀሊማ ነጃትን እጇን ይዘው በር ላይ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሐረር ከሰማሁት ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበረም። ከዚህ ጽሑፍም አብልጬ የምወደው እሱን ነበር። እሱ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«እሱን አውጪው» አሉኝ። «እሱ ለነጃት ነው።»

አወጣሁት።